ላልነበረ ሟች የመጣ ጉማ

ጠሃ ፈድሊያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ባለ አንድ እጅጌ ቀሚስ ለብሳ ነው። ሁለተኛው እጅጌ ገና ጎሳዬ ትከሻ ላይ ነበር። ጎሳዬ ደግሞ ስፒሎቹን በከንፈሩ ስለያዘ «አትነቃነቂ» ለማለት እንኳ አልቻለም፤ በቅንድቡ ነበር የሚለምናት።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ጅማ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው የጎሳዬ ልብስ ስፌት ቤት። ጠሃና ነርሷ ሀጂራ የመተኮሻውን ጠረጴዛ ከበው ጎሳዬ ለክቶ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ። ልጅቷ በመስተዋቱ ውስጥ አየቻቸውና ምን እንደሚጫወቱ ጠየቀች።

ጠሃ ታጋሽ ሰው ነውና ከሥሩ አስረዳት። ጨዋታውን ያስተማረው እርሻ ኮሌጅ ሳለ የነበረ የውጭ አገር መምህር ነው። መምህሩ ውሉ ሲያልቅ የጨዋታውን ሳጥን ይዞ ሄደ፤ ሕጉ ግን ጠሃ ጭንቅላት ውስጥ ቀረ። እያንዳንዱ ሰው በሌለ አገር ውስጥ ሌላ ሰው ይሆናል። ጎሳዬ ሰይፈኛ ነው፤ ሀጂራ መድኃኒት አዋቂ። ለቀረው ሕዝብ ሁሉ፣ ለሹሙ፣ ለወታደሩ፣ ለአሮጊቷ፣ ለበቅሎዋ ሳይቀር፣ ዳኛው ሆኖ የሚናገርላቸው ጠሃ ነው። ነገር ሲያጠራጥር የሉዶ ጠጠር ይጣላል።

በዚያ አገር አንድ ክፉ ገዢ አለ። መጀመሪያ ንጉሥ ነበር። ዘመኑ ግን ንጉሥ የሚለውን ቃል ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚጠሩበት አልነበረም፤ ጎሳዬ በቅን ልቦና «ታዲያ ሊቀ መንበር እንበለዋ» ሲል ሦስቱም ባንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞሩ። ከዚያ ወዲያ ሰውየው የወንዙ ጌታ ተባለ።

ልጅቷ እሷም መግባት እንደምትፈልግ ተናገረች። ጠሃ ደስ አለው። ነጋዴም፣ አስማተኛም፣ መንገድ መሪም መሆን እንደምትችል ነገራት።

«ነፍሰ ገዳይ» አለች።

ጎሳዬ አንድ ስፒል ሊውጥ ምንም አልቀረውም።

ሀጂራ ሳቀች። የአክስቷ ልጅ መሆኗን፣ አጋሮ ስልክ ቤት አገናኝ ሆና እንደምትሠራ አስተዋወቀቻቸውና «ቀኑን ሙሉ ሃሎ ሃሎ ስትል የምትውል ሰው መግደል ቢያምራት አይፈረድባትም» አለች።

«ነፍሰ ገዳይ ከጥሩ ሰዎች ጋር አይሄድም» አለ ጠሃ።

«ጎሳዬ እስካሁን ስንት ሰው ገደለ?»

ጎሳዬ ስፒሎቹን ተፍቶ፣ ቁጥር እንደሌላቸው በኩራት መሰከረ።

«ታዲያ እሱ ከጥሩ ሰዎች ጋር ይሄዳል?» አለች።

«እሱ ፊት ለፊት ነው የሚገድለው።»

«ለሟቹ ምን ይጠቅመዋል?»

በሚሠራበት በኮሌጁ የቡና ችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች ሲጋጩ፣ በቀበሌው ቧንቧ ላይ ወረፋ ሲያጣላ፣ ሰው ወደ ጠሃ ነው የሚመጣው። ሚዛን መያዝ ይወዳል። ይህች ግን ገና እጅጌዋ ሳይሰፋ ሚዛኑን ገለበጠችበት። መንገድ መሪ ሆና እንድትገባ ለመናት። «ቶሌ» ብላ ወዲያው ተስማማች። ያን ያህል ስትፈጥን ሊጠረጥር ይገባው ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከአጋሮ አውቶቡስ ትወርዳለች። በመጣች ቁጥርም ነገሩን ከጀመረችበት ትቀጥላለች፦ መንገድ መሪዬ ማታ ማታ ምን እንደሚሠራ ማን ያውቃል? ጩቤ ቢይዝስ? ጠሃ ይተነፍሳል፣ ራሱን ይይዛል፣ እንደገና ያስረዳል። አንጀቱን ታሳርረዋለች። ግን ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ጊዜ መላጨት ጀምሯል፤ ጎሳዬም ይህን አይቶ ዳኛው ለየትኛው ተከሳሽ እንደተላጨ በሀጂራ ፊት መጠየቅ አልሰለቸውም።

በሥራ ቀን ደግሞ ስልክ አለ።

«አጋሮ።»

«የእርሻ ጽሕፈት ቤቱን ፈልጌ ነበር።»

«ትናንት አግኝተሃቸዋል።»

«ስለ ቡናው በሽታ ነው።»

«አልዳነም?»

«ብሶበታል» አለ ጠሃ።

መስመሩ ላይ ሳቋን ለመደበቅ ስትሞክር ሰማት። ያን ዕለት ጽሕፈት ቤቱን አላገናኘችውም። እሱም አላስታወሳትም።

ነገሩ የተበላሸው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በጨዋታው የወንዙ ጌታ ውሃውን ገድቦ አገሩን በጥም ጨርሶታል። ጠሃ ትልቅ ጦርነት አዘጋጅቷል፤ ሳምንቱን ሙሉ ያሰበበት ነው። ጎሳዬ ሰይፉን ስሏል። ፈድሊያ ግን ጦርነቱን አልፈለገችውም። በሰውየው ቤት በእንግድነት ገብታ እንደምታድር ተናገረች። ጠሃ ሊያሳፍራት ፈልጎ፣ የወንዙ ጌታ በክብር እንደተቀበላት፣ በገዛ እጁ እንዳጎረሳት ተረከ። ከሐሳቧ አልተመለሰችም። ሌሊት በጩቤ እንደምትወጋው ተናግራ ጠጠሯን ጣለች፤ ወጣላት። የወንዙ ጌታ ከተኛበት አልነቃም። ሌላ አንድ ሰው ሳይሞት ውሃው ተለቀቀ።

ጎሳዬ ሰይፉን ረስቶ አጨበጨበ። ጠሃ ግን ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«የአገሩ ሰው ሰማ» አለ። «የበላችበትን ወጭት ሰባሪ ከኛ ጋር አትኖርም ብለው በድንጋይ አባረሯት። ጨዋታሽ አልቋል።»

«ቆይ፣ እኔ ገና...»

«አልቋል አልኩ።»

ሻርፗን አንስታ ወጣች። በሩን እንኳ ወርውራ አልዘጋችውም፤ ያ ነው ይበልጥ የከፋው። ሀጂራ ጠሃን ትክ ብላ አየችው። ለበቅሎ ሳይቀር ይግባኝ የሚሰጥ ሰው ምን ነካው አለች።

ምን እንደነካው እሱ ያውቃል። ያሳደገው አጎቱ መምህር ሸኩር፣ ቀይና ነጭ ሽብር በሚባለው ዘመን ከከተማው በላይ ባለችው ጅሬን፣ በገዛ ደጁ ላይ ነው የተገደለው። ገዳዩ አንድ ወጣት ነበር፤ ከምሳ ላይ ደርሶ፣ አብሮ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ አጎቱ ሊሸኘው ሲወጣ ተኮሰ። ከየትኛው ወገን እንደነበር፣ ስሙም ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ይህን በመተኮሻ ጠረጴዛ ላይ፣ በሉዶ ጠጠር መሐል፣ እንዴት ይናገሩታል?

ፈድሊያ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። በዚያኛውም አልመጣች። ጠሃ ደወለ።

«አጋሮ።»

«ፈድሊያ፣ ጠሃ ነኝ።»

«የትኛውን ቁጥር ላገናኝዎ?»

ስድብ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ያቺ «ዎ» ከጆሮው ሳትወጣ ሰነበተች። በደወለ ቁጥር እንደ ሽማግሌ አክብራ ታናግረዋለች፤ የጠየቀውን ቁጥር ሰጥታው ትሄዳለች። ምስኪኑ ጠሃ ሳይፈልግ ከእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ጋር ወዳጅ ሆነ።

በመጨረሻ ሲጨንቀው ሽማግሌ ሊልክ ቆረጠ። ያሳደጉት የአጎቱ ሚስት አዴ ጠይባ ሲሰሙ ገረማቸው። ሰው መጀመሪያ ይታረቃል፣ ከዚያ ይጠይቃል አሉት። እሱ ግን ሌላ በር አላየም። እሷን ካጣ የሚያጣው ምን እንደሆነ ያለፉት ቅዳሜዎች አሳይተውታል። የአጎቱ የልብ ወዳጅ የነበሩትን ሐጂ መሐሙድንና ክርስቲያን ሆነው ሳለ ከጅሬን ሽምግልና ቀርተው የማያውቁትን አናጢውን አቶ ወልደሰማያትን ለመነ። ሄዱለት።

ሲመለሱ ፊታቸው ልክ አልነበረም። የልጅቷ አባት አቶ ሙሐመድሳኒ በደንብ ተቀብለዋቸዋል፤ ጥያቄውንም አልጠሉትም። ልጅቷ ግን ከጓዳ ቃል ልካለች፦ በእኔና በእሱ መካከል ያልታየ የግድያ ጉዳይ አለ፤ እሱ ሳይዳኝ ስለ ሌላው አልነጋገርም።

ሐጂ መሐሙድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ሰው የሞተው የት ነው?»

«ቀበሌ ያውቃል?» አሉ አቶ ወልደሰማያት።

ጠሃ ማስረዳት ጀመረ። ሟቹ እንዳልሞተ፣ እንዲያውም እንዳልነበረ ነገራቸው። ካልነበረ እንዴት ገደለችው አሉ። በወሬ ነው አለ። ታዲያ ስም ማጥፋት ነዋ አሉ። የሉዶ ጠጠር ሲያመጣ ነገሩ ቁማር መሰላቸውና ጭራሽ ባሰ። ጠሃ ትዕግሥቱ ተሟጥጦ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ደገፈ።

በሚቀጥለው እሑድ አጋሮ፣ በአቶ ሙሐመድሳኒ ግቢ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ሽማግሌዎቹ ጃርሱማ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ሽምግልና ታይቶ አይታወቅም። ሽማግሌ የላከ ልጅ ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል፤ የተጠየቀች ልጅ ጓዳ ትሆናለች። እዚህ ግን ሁለቱም እንደ ባላጋራ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከሁሉ የተማረሩት አባትየው ናቸው። ከሰዓት የቀበሌ ስብሰባ አለባቸው፣ የቀረ ይቀጣል፤ እዚህ ደግሞ የሰርግ ይሁን የወንጀል ያልለየለት ነገር ተዘርግቷል። «ያ አላህ፣ እኔ ልጅ ነው የምድረው ወይስ ዋስ ነው የምሆነው?» አሉ።

ሐጂ መሐሙድ ዝም አሰኟቸው። ሟቹ ባይኖርም ሁለት ሰው ያጣላ ነገር አለ፤ የሚዳኘው እሱ ነው አሉ። ፈድሊያን ጠየቋት። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ወንዙን፣ ጥሙን፣ የጎሳዬን ሰይፍ፣ ጉርሻውን። ጎሳዬ በጦርነት ቢገባ የሁለቱም ወገን ልጆች እንደሚያልቁ፣ እሷ አንድ ሰው ብቻ እንደገደለች፣ እሱ ሲፎክር ጀግና፣ እሷ ግን ርኩስ እንደተባለች ተናገረች።

አቶ ወልደሰማያት በልጅቷ ነገር ተሳቡ። ውሃ የከለከለ ሰው በየትም አገር ሕግ አይራራለትም አሉ። አቶ ሙሐመድሳኒም ስብሰባቸውን ረስተው፣ ያጎረሰን መግደል ግን ነውር ነው ብለው ከገዛ ልጃቸው ጋር መከራከር ጀመሩ። ወንዙ በስተመጨረሻ የማን ቀበሌ እንደሆነ ጥያቄ ተነሣ። ጠሃ እግሩን ያወዛውዛል። የመጣው ሚስት ሊጠይቅ ነው።

«አንተስ፣ ለምን አባረርካት?» አሉት ሐጂ መሐሙድ።

ጠሃ ስለ ጨዋታው ሕግ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሐጂ ግን የሚያዩት በሌላ ዓይን ነበር። የአጎቱን አስከሬን አብረው ያጠቡ ሰው ናቸው።

«የበላ ሰው...» አለና እንደገና ጀመረ። «አጎቴን የገደለው ልጅ ምሳ በልቶ ነው። እኔ ነኝ እጁን ያስታጠብኩት። ከዚያ ወዲህ ያን ዓይነት ሰው ጀግና ነው ሲባል መስማት አልችልም።»

ፈድሊያ ፊቷ ተለወጠ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ጨዋታ ነው ብዬ።»

«እኔ ለወራት ስጨቀጭቅህ... አንተ ይህን ይዘህ ነው የምትስቅልኝ?»

ሐጂ መሐሙድ ከዘራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። ሰውየውን ከገደልሽው በኋላ ወዴት ሄድሽ?»

«አላስጨረሰኝም፣ ሐጂ።»

«ቢያስጨርስሽስ?»

«እናቱ ዘንድ ልሄድ ነበር። ፀሐይ ከወጣ በኋላ፣ በአደባባይ። እኔ ነኝ ልላት።»

ጠሃ ቀና አለ። «ይህን አልነገርሽኝም።»

«አልቋል አልክ እኮ!»

እውነቷን ነው። ሁሉን እስከ ዳር የሚሰማው ጠሃ እሷን ብቻ አቋርጧታል። ያስኮረፋት መባረሯ አልነበረም፤ አለመደመጧ ነበር።

ሐጂ መሐሙድ በረጅሙ ተነፈሱ። «ገዳይ ሁሉ ይገድላል» አሉ። «በሰይፍም ይሁን በጩቤ ደም ደም ነው፤ እኔ አንዱንም ጀግና አልለውም። ሰው መሆኑ የሚለየው በማግስቱ ነው። የሸሸ አለ፤ ጉማ፣ የደም ካሳውን፣ ይዞ የሚመጣም አለ። ለሸኩር ማንም አልመጣም። ይህችኛዋ እመጣለሁ እያለች ነው። በሉ ትምጣ።»

አቶ ወልደሰማያት የሟቹ ወገን ማን እንደሆነ ጠየቁ። ጉማ ያለ ተቀባይ አይሆንም።

«እሱ ነው» አለች ፈድሊያ። «የአገሩ ሰው ሁሉ እሱ ነው። እናቲቱም እሱ ነው።»

እንደ አገሩ ወግ ሻርፗን ወገቧ ላይ አሰረች። ከዛፉ ጥላ ወጥታ ፀሐዩ ላይ፣ ጠሃ ፊት ቆመች። አባቷ ሊከለክሏት አሰቡና ተዉት።

«እናቴ» አለች፣ ዓይኑን እያየች፣ «ልጅሽን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ጠሃ ሊስቅ የፈለገ ይመስል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። መልስ መስጠት ያለበት እሱ ነው፤ ሁልጊዜም እሱ ነው።

«ቤቱ በልተሻል» አለ በቀጭን ድምፅ።

«በልቻለሁ።»

«አጉርሶሻል።»

«አዎ። ውሃውን ስለከለከለ ገደልኩት፤ በዚህ አልጸጸትም። ጉርሻው ግን ከጉሮሮዬ አልወረደም። ስሜ ፈድሊያ ነው። ስሜን እንድታውቂው ነው የመጣሁት።»

ጠሃ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አቶ ወልደሰማያት ወደ አቮካዶው ቅርንጫፍ አንጋጠው የጣሪያ እንጨት የሚመርጡ መሰሉ። አቶ ሙሐመድሳኒ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተቀብያለሁ» አለ ጠሃ በመጨረሻ።

ያኔ ጉማው ምን ይሁን የሚለው መጣ። አባትየው ለሌለ ሰው ስንት ከብት እንደሚከፈል ሊከራከሩ ሲነሡ፣ አቶ ወልደሰማያት መላ ተገለጠላቸው። ጥንት ደም ለማድረቅ ልጅ ለሟች ወገን ትዳር ነበር፤ ይኸው ልጅቷ አለች፣ ጠያቂውም የሟች ወገን ነው፣ ሁለቱ ጉዳይ ባንድ ቁጭታ ያልቃል አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ወዲያው ተስማማቸው። አባትየው ሰዓታቸውን አዩ፤ እንዲያውም ለስብሰባው ይደርሳሉ።

«አልሄድም» አለች ፈድሊያ።

ጠሃ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ወላሂ፣ ይህች ልጅ...» አሉ አባቷ።

«የደም ዋጋ ሆኜ የትም አልሄድም፣ አባባ። ጉማው በግ ይሁን፤ ከደመወዜ እኔው እገዛለሁ። ትዳሩ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለሱ ሁላችሁም ተነጋገራችሁ፤ እኔን ግን የጠየቀኝ የለም።»

ሐጂ መሐሙድ ከዘራቸውን ወደ ጠሃ ዘረጉ። «ምን ትጠብቃለህ? ጠይቃታ።»

በአባት ፊት፣ በሽማግሌ ፊት! ጠሃ የተማረው ሁሉ ጠፋበት።

«ፈድሊያ... ሁለተኛ አላቋርጥሽም» አለ።

«አንድ ቀን ታቋርጠኛለህ» አለች። «ያን ቀን እነግርሃለሁ። እሺ።»

«እሺ ምን?»

«እሺ ነዋ። ስንት ጊዜ ላገናኝህ?»

አባትየው «አልሃምዱሊላህ» ብለው ወደ ስብሰባቸው ሮጡ። ኒካው ከኢድ በኋላ እንዲታሰር ሽማግሌዎቹ ቆረጡ።

በጉ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአጋሮ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ጎሳዬ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለው። እየጎተቱ ዳገቱን ወደ ጅሬን ወጡ፤ ሐጂና አቶ ወልደሰማያት ቀድመው ደርሰዋል። አዴ ጠይባ ከደጃቸው ቆመው፣ በጉን ዞር ብለው አዩ።

«የማን ደም ነው?» አሉ።

ሐጂ መሐሙድ ቀረብ ብለው ነገሯቸው፤ የተገደለው በጨዋታ እንደሆነ፣ ገዳይዋ ግን በእውነት በእግሯ እንደመጣች። ጠሃ ይቆጣሉ ብሎ ፈራ። አዴ ጠይባ ሸኩር የወደቀበትን ቦታ፣ ከደጁ ድንጋይ አጠገብ ያለውን መሬት፣ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ማንቆርቆሪያ ይዘዋል።

«እጅሽን አምጪ» አሏት።

አቶ ወልደሰማያት በጉ ሳይታረድ እጅ እንደማይታጠብ፣ ወጉ ቅደም ተከተል እንዳለው አሳሰቡ።

«ቅደም ተከተላችሁን እናንተ ጠብቁ» አሉ አዴ ጠይባ። «እኔ ብዙ ጠበቅኩ።»

ውሃውን አፈሰሱላት። ፈድሊያ ጎንበስ ብላ ታጠበች፤ ውሃው በጣቶቿ መሐል እየወረደ ቀዩን አፈር አራሰ። አዴ ጠይባ እርጥቡን እጇን ሳያደርቁት በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እኔ ጠይባ ነኝ» አሏት። «ስምሽን ነገሩኝ። አንቺ ግን ንገሪኝ።»

«ፈድሊያ።»

«ግቢ፣ ፈድሊያ።»

ሽማግሌዎቹ ተከትለው ገቡ፤ ሀጂራና ጎሳዬም ገቡ። ጠሃ የበጉን ገመድ እንደያዘ ደጅ ቀረ። ሁለት ጊዜ ተጣራ። ከውስጥ የፈድሊያ ድምፅ ይሰማል፤ ጉማ የከፈለች ነፍሰ ገዳይ ከጥሩ ሰዎች ጋር መሄድ ትችል እንደሆነ አዴ ጠይባን ከመጀመሪያው ጀምሮ እየጠየቀቻቸው ነበር። አዴ ጠይባም ከመጀመሪያው ጀምሮ እየሰሟት ነበር።